ከአንጀት ጫፍ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚከተለው የሆድ ችግር



በዚህ መጽሔት የሚወጡት ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ስለ ታሪክ፥ ስለ ፍልስፍና ወይም ስለ ሥነ ጽሑፍ ናቸው። የዛሬው የእኔ ርእስ ግን ዓይነ ምድር ነው። ይኽን አይቶ ወደሚቀጥለው ገጽ ለማለፍ ያሰበ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም አልፈው ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጣ አባት፥ እናት ወይም ዘመድ አለን። ሐኪም ቤት ይዘን የምንሄደው፥ ወረቀቱን የምናነበው፥ በሐኪሙና በዘመዳችን መካከል ቆመን የምናስረዳው እኛው ተማሪዎቹ ነን። እኔም በዚያ ቦታ በቆምሁ ጊዜ መናገር የሚገባኝን ሳልናገር ቀርቼ ያስከተለውን ስላየሁ፥ ከዚያ በኋላ የተማርሁትን ለማካፈል ይኽን ጻፍሁ። የሥነ ጽሑፍ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም፤ ስለዚህ የሕክምና ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ስሕተት ቢያገኙብኝ ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የደረሰው በአጎቴ ላይ ነው። የእናቴ ወንድም ሲሆኑ በደብረ ብርሃን አካባቢ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ መምህር ናቸው። የምጽፈው ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። ካንሰሩ የተገኘባቸው በደንዳኔያቸው መጨረሻ፥ ከፊንጢጣ ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። በመጀመሪያ የጨረር ሕክምናና ኬሞቴራፒ ወሰዱ፤ ቀጥሎም ሐኪሞቹ የታመመውን ክፍል ቈርጠው አወጡና የቀረውን አንጀት ከታችኛው ጋራ ቀጠሉት። ቅጥሉ እስኪድን ድረስ ዓይነ ምድሩ በሆዳቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት እንዲወጣ ተደረገ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ቀዳዳ ተዘጋ። ያን ዕለት በቤታችን ቡና ተፈልቶ፥ ቈሎ ተቈልቶ ጎረቤት ተጠራ፤ «ካንሰሩም ሄደ፥ ከረጢቱም ሄደ» ተባለ።

መከራው የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ጋሼ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ ስድስት ጊዜ ያህል ሽንት ቤት ይገባሉ። አንዱን ጨርሰው እጃቸውን ሳያደርቁ ሌላው ይጠራቸዋል። የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ ቢወጣም የጨረሱ አይመስላቸውም። ሲመጣ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ከሳሎን እስከ ጓሮ ያለው መንገድ እንኳ ይረዝምባቸዋል። ከዚህ የተነሣ ቤት መዋል አበዙ። መጀመሪያ ማስቀደስ ተዉ፤ ቀጥሎ ከዕድር ስብሰባ ቀሩ፤ በአንድ የቅርብ ጎረቤት ለቅሶ ላይ ደግሞ ቀብሩ ሳይፈጸም በድንገት ተነሥተው ሄዱና «መምህር ኰሩ» ተባሉ። ከቀብር መካከል ጥሎ መሄድ በሰፈር ዘንድ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም።

ከሁሉ የከፋው የጾሙ ነገር ነው። ካልበሉ እንደማይመጣባቸው ስላወቁ ከቤት ለመውጣት ባሰቡ ቀን እስከ ማታ ምንም አይቀምሱም ነበር። በሰው ቤት «እንብላ» ሲባሉ «ጾም ነኝ» ይላሉ። የሰፈሩም ሰው ከበሽታው ወዲህ መንፈሳዊ ሆኑ እያለ ያደንቃቸው ነበር፤ እኛም አመንን። ሰውነታቸው እየከሳ ሲሄድ ካንሰሩ ተመልሶባቸው ይሆን ብለን ሌሊቱን ስንጨነቅ አደርን እንጂ፥ ተርበው ነው ብሎ የጠረጠረ ከቤታችን አንድም ሰው አልነበረም።

ለክትትል የሄድን ዕለት ሐኪሙ «ተቅማጥ አለብዎት?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ «የለብኝም» አሉ። ይኽ ሐሰት አይደለም፤ በአማርኛችን ተቅማጥ የምንለው ቀጥኖ የሚወርደውን ነው፤ የርሳቸው ግን ወፍራም ሆኖ በጥቂት በጥቂቱ የሚመላለስ ነው። «ድርቀትስ?» «የለብኝም።» «በቀን ስንት ጊዜ ይወጣሉ?» ጋሼ ወደ እኔ ተመለከቱና ዐፍረው «እንደ ማንኛውም ሰው ነው» አሉ። ሐኪሙም ደኅና መሆናቸውን በካርዱ ላይ ጻፉ። እኔ ሌሊት ሌሊት የሽንት ቤቱን በር ስሰማ የማድር ሰው፥ አጠገባቸው ተቀምጬ ዝም አልሁ። የአጎትን ሆድ በሰው ፊት መዘርዘር ነውር መስሎኝ ነበር።

ይኽ ችግር በሕክምናው ዓለም ስም ያለው መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ባነበብሁት ነው። ላርስ ብለው ይጠሩታል፤ የአንጀት ጫፍ ከታች በኩል ተቈርጦ በተቀጠለባቸው ሰዎች ላይ የሚታዩትን ምልክቶች ባንድነት የሚይዝ ስም ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ባንድነት ሲመዘኑ ከአሥር ሰዎች አራቱ ያህል ችግሩ በከፍተኛ ደረጃ እንደሚደርስባቸው ያሳያሉ። ብርቅ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ለምን እንደሚመጣ ለማወቅ የአንጀት ጫፍ ምን ይሠራ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪሞች ሬክተም የሚሉት ይኽ ክፍል የደንዳኔ መጨረሻ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ብዙዎቻችን እንደ ተራ ቱቦ እናስበዋለን፤ ሥራው ግን ከቱቦ ይልቅ የጋን ነው። ከላይ የሚወርደውን ተቀብሎ እየተለጠጠ ይይዛል፤ ባለቤቱ ቦታና ጊዜ እስኪያገኝ ድረስም ያቆያል። ከበታቹ በፊንጢጣ ዙሪያ ሁለት ዘጊ ጡንቻዎች አሉ፤ የውስጠኛው ያለ ፈቃዳችን ሌትም ቀንም ሲጠብቅ የውጭኛው ለፈቃዳችን ይታዘዛል።

ሌላው ሥራ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። አንድ ነገር ወደ ጫፉ ሲደርስ የውስጠኛው ጡንቻ ለቅጽበት ላላ ይላል፤ በዚያን ጊዜ በፊንጢጣ ውስጥ ያለው ስሱ ሽፋን የመጣውን ይዳስስና ፈስ ይሁን፥ ቀጭን ይሁን፥ ጠጣር ይሁን ለይቶ ለአንጎል ያስታውቃል። (ፈስ የሚለውን ቃል አርታዒው «ንፋስ» ብሎ እንዳይለውጥብኝ ለምኜዋለሁ። በሐኪሙ ክፍል ውስጥ ያጠፋን እንዲህ ያለው ጨዋነት ነውና።) እኛ በክፍል ተቀምጠን ስናዳምጥ ይኽ ምርመራ ሳናውቀው በቀን ብዙ ጊዜ ይፈጸማል።

ካንሰሩ ከነቦታው ሲወጣ ጋኑ ይነሣና በምትኩ ቦይ ይገባል ማለት ነው። ከላይ ተስቦ የወረደው አንጀት እንደ ቀድሞው ጫፍ አይለጠጥም፤ አጠራቅሞ በመያዝ ፈንታ ትንሽ በደረሰው ቍጥር ይገፋል። በቀዶው ጊዜ ነርቮች ይነካሉ፤ ዘጊ ጡንቻውም ሊደክም ይችላል። ጨረሩ ደግሞ የቀረውን ክፍል ያደነድነዋል። ቅጥሉ ወደ ፊንጢጣ በቀረበ መጠን፥ ጨረርም በተጨመረ ጊዜ፥ ችግሩ ይበረታል። ጋሼ ሁለቱም ነበሩባቸው። እርሳቸው ግን ይኽን ሁሉ ሳያውቁ «ሰውነቴን መግዛት አቃተኝ፤ እንደ ሕፃን ሆንሁ» እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ከረሙ።

የሕክምናውን ታሪክ ባጭሩ ማየት ነገሩን ይበልጥ ያስረዳል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1908 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ማይልስ የአንጀቱን ጫፍ ከነፊንጢጣው የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አስታወቀ፤ ሕመምተኛው ዕድሜውን ሙሉ በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይኖር ነበር። በ1948 አሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ክሎድ ዲክሰን፥ ዕጢው ከፍ ብሎ በሚገኝበት ጊዜ ፊንጢጣውን ሳይነኩ አንጀቱን መልሶ መቀጠል እንደሚቻል የብዙ ሕሙማንን ውጤት አቀረበ። በ1982 እንግሊዛዊው ቢል ሂልድ ዕጢውን በዙሪያው ካለው ስብና ሽፋን ጋራ ሳይቀደድ ማውጣት ካንሰሩ በዚያው ቦታ እንዳይመለስ ምን ያህል እንደሚረዳ አስረዳ። አንጀትን በሽቦ የሚሰፋ መሣሪያም ተሠራ፤ የሰው እጅ ለመስፋት በሚቸገርበት ጠባብ ቦታ እንኳ መቀጠል ተቻለ። ስለዚህ ቀድሞ ፊንጢጣቸውን ያጡ የነበሩ ብዙ ሰዎች ዛሬ ይዘውት ይኖራሉ። ነገር ግን ቅጥሉ ወደ ታች በወረደ ቍጥር ያ የጋን ሥራ የሚሠራው ክፍል እያነሰ መሄዱ ግልጽ ነው።

ቀዶ ሐኪሞቹ ይኽን ሳያዩት አልቀሩም። በ1986 ፈረንሳውያን የወረደውን አንጀት አጥፈው በመስፋት ትንሽ ማጠራቀሚያ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ጥቅም አለው። በ2004 ደግሞ ብራዚላዊቱ አንጀሊታ ሃብር ጋማ፥ ከጨረርና ከኬሞቴራፒ በኋላ ዕጢያቸው ጨርሶ የጠፋላቸውን ሰዎች ሳይቀዱ በጥብቅ እየተከታተሉ ማቆየት እንደሚቻል አስታወቀች። ይኽ ለሁሉ የሚሆን አይደለም፤ ለአንዳንዱ ግን ጋኑ ሳይነሣ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደ ጠቀመኝ ነገር ልመለስ። በ2012 በዴንማርክ አገር ካትሪን ኤመርትሰንና ሶረን ላውርበርግ የተባሉ ሐኪሞች አምስት ጥያቄዎች ብቻ ያሉት መለኪያ አወጡ። ሕመምተኞቹ ኑሯቸውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያበላሸው የትኛው እንደ ሆነ በሰጡት መልስ መሠረት ለእያንዳንዱ ምልክት ነጥብ ተመደበለት። ጥያቄዎቹን በራሴ አማርኛ ባቀርባቸው እንዲህ ናቸው። ፈስዎን መያዝ የሚያቅትዎ ጊዜ አለ? ቀጭን ዓይነ ምድር ሳያስቡት ያመልጥዎታል? በቀን ስንት ጊዜ ይወጣሉ? ወጥተው አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና መውጣት ያስፈልግዎታል? ሽንት ቤት ለመድረስ መሮጥ እስኪያስፈልግዎ ድረስ ያጣድፍዎታል?

ነጥቦቹን ስመለከት ተገረምሁ። ሐኪም የሚጠይቀው፥ እኛም የምንቈጥረው «ስንት ጊዜ» የሚለውን ነው፤ የዚያ ከፍተኛው ነጥብ ግን 5 ብቻ ነው፤ እርሱንም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሳይሆን በቀን አንድ ጊዜ እንኳ የማይወጣው ሰው ነው። ከሰባት ጊዜ በላይ የሚወጣ 4 ያገኛል። ቀጭኑ ማምለጡ 3፥ ፈስ እስከ 7፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ መመላለስ እስከ 11፥ መጣደፍ ደግሞ እስከ 16 ይደርሳል። ድምሩ 42 ነው። እስከ 20 ያለው ችግር እንደሌለ፥ ከ21 እስከ 29 ያለው መለስተኛ፥ ከ30 ጀምሮ ያለው ከፍተኛ ተብሎ ይቈጠራል። ሰውን ከለቅሶና ከቤተ ክርስቲያን የሚያስቀረው የመጣደፉና የመመላለሱ ነገር መሆኑን ቍጥሩ ይመሰክራል። ሐኪሙ ስለ ተቅማጥና ስለ ድርቀት ሲጠይቁ፥ ጋሼም በእውነት «የለብኝም» ሲሉ፥ ያ ሁሉ መከራ በሁለቱ ቃላት መካከል ሾልኮ አለፈ።

አንድ ማታ ጥያቄዎቹን በወረቀት ላይ ጽፌ ለጋሼ ሰጠኋቸው፤ ፊት ለፊት መጠየቁን አልደፈርሁም። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ «ይኽን የጻፈው ሰው እኔን ያውቀኛል እንዴ?» አሉ። በእርሳስ ምልክት አደረጉበት፤ ስደምረው 33 ሆነ። የጾሙን እውነት የነገሩኝ በዚያው ማታ ነው። የእኔ ትርጉም የቤት ትርጉም ስለ ሆነ እንደ ሕክምና ማስረጃ የሚቈጠር አይደለም፤ ለንግግር መክፈቻ ግን በቃ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ወረቀቱን ለሐኪሙ ሰጠናቸው። አንብበው ሲጨርሱ ወንበራቸውን ወደ ጋሼ አስጠጉና ያን ቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ አነጋገሩን።

የተሰጠው ሕክምና ከባድ አልነበረም። የመጀመሪያው ሎፔራማይድ የሚባል የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚያዘገይ ክኒን ሲሆን፥ ምግብ ከመብላት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወሰዳል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ አብዝተው ቢወስዱት ያደርቃል፥ ከዚያም በላይ ልብን ሊጐዳ ይችላል። ትኵሳት ወይም ደም ባለበት ጊዜም በራስ ፈቃድ መዋጥ አይገባም። ሁለተኛው ውኃ እየመጠጠ ዓይነ ምድሩን አንድ ወጥ የሚያደርግ የአሠር ዓይነት ነው፤ ሲሊየም የሚባለው የዘር ገለባ ለዚህ ይታዘዛል። አሠር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አንዲት ዘመዳችን ሆድ ያጥባል ብለው ተልባ ቢያጠጧቸው መጣደፉ ብሶባቸው ዋለ።

ስለ ምግብ ለሁሉ የሚሆን ሕግ የለም። ብዙዎችን የሚያስቸግሩት በርበሬና ሚጥሚጣ የበዛበት ወጥ፥ ቅባት የበዛበት ምግብ፥ ጥሬ አትክልት፥ መጠጥ፥ ፈስ የሚያበዙ እንደ ባቄላና ሽምብራ ያሉ እህሎች፥ ለአንዳንዱም ወተት ናቸው፤ ሩዝ፥ ሙዝና ድንች ብዙውን ጊዜ ያወፍራሉ። ጋሼ የበሉትንና የወጡበትን ሰዓት ለሦስት ሳምንት በደብተር ጻፉ፤ እንደ መምህርነታቸውም በቀይ እስክሪብቶ እያሰመሩ። ከደብተሩ የተገኘው ነገር ጠላታቸው እንጀራው ሳይሆን ሰዓቱ መሆኑ ነው። ምግብ ወደ ጨጓራ ሲገባ ደንዳኔው እንዲንቀሳቀስ ይቀሰቀሳል፤ ይኽ በሰው ሁሉ ላይ ያለ ነው፥ በጠዋትም ይበረታል። ጋሼ ደግሞ ጠዋት በቁርስ ላይ ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተው ወዲያው ሊወጡ ይነሡ ነበር። ቡናውን ተዉ ቢባሉ እንደማይተዉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከቤት በሚውሉበት ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ተስማማን። መጾሙን ትተው ጥቂት ጥቂት በየሰዓቱ መብላት ጀመሩ፤ ክብደታቸውም ተመለሰ።

የጡንቻ ልምምድም አለ። ፈስን ለመያዝ እንደሚደረገው ፊንጢጣን ወደ ላይ ሰብስቦ ጥቂት ሴኮንድ ማቆየትና ጨርሶ መልቀቅ፥ ይኽንኑ በቀን ደጋግሞ ማድረግ ነው፤ ትንፋሽን መያዝ ወይም መቀመጫን መጨበጥ ግን አይጠቅምም። የሠለጠነ ባለሙያ ካለ በመሣሪያ ጡንቻው እንዴት እንደሚሠራ እያሳየ ያስተምራል። መጣደፉ ሲመጣ ከመሮጥ ይልቅ ቆም ብሎ ጡንቻውን መሰብሰብና ስሜቱ ጥቂት እስኪበርድ ጠብቆ መሄድ ይለመዳል። ከተመላለሱ ብዛት ቆዳው ሲቈስል ደግሞ በወረቀት ከመጥረግ በውኃ መታጠቡ፥ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቁና ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት መቀባቱ ይሻላል።

ይኽ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ሌላ መንገድ አለ። አንዱ ለብ ያለ ውኃ፥ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር፥ በልዩ መሣሪያ በፊንጢጣ አስገብቶ አንጀቱን ባንድ ጊዜ ማጠብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ በነጻነት ይውላሉ። ይኽ ቅጥሉ መዳኑ ተረጋግጦ፥ ከባለሙያ ተምሮ የሚደረግ እንጂ በቤት የሚሞከር አይደለም፤ አንጀት ሊበሳ ይችላልና። ሌላው ከወገብ በታች ያሉትን ነርቮች በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ ትንሽ መሣሪያ መቅበር ነው፤ እጅግ ውድ ስለ ሆነ በየቦታው አይገኝም። ምንም ያልረዳው ሰው ደግሞ ተመልሶ በሆድ ላይ ቀዳዳ እንዲከፈትለት ሊመርጥ ይችላል። ይኽን እንደ ሽንፈት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን በከረጢት ለቅሶ የሚደርስ ሰው ያለ ከረጢት ከተቀመጠው ይልቅ ነጻ ነው እላለሁ።

ችግሩ በመጀመሪያው ዓመት፥ ለአንዳንዱም እስከ ሁለተኛው ዓመት ድረስ እየቀለለ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በአብዛኛው አብሮ ይኖራል። ነገር ግን ደም ከታየ፥ ያለ ምክንያት ክሳት ከመጣ፥ ወይም የተሻለው ሆድ በድንገት እንደገና ከተለወጠ፥ ይኽ ሌላ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ መታየት ያስፈልጋል።

ከስድስት ወር በኋላ ጥያቄዎቹን እንደገና ሞልተው 26 ሆነ። ሙሉ ጤና አይደለም። ሲወጡ ሶፍት፥ ውኃ በሃይላንድና አንድ ቅያሪ በቦርሳቸው ይይዛሉ፤ በቤተ ክርስቲያንም በለቅሶም በር አጠገብ ይቀመጣሉ። ለዕድሩ ዳኛ ነገሩን ለብቻቸው ነግረዋቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ «ኰሩ» የሚል አልተሰማም። ባለፈው ወር ብቻቸውን በአውቶቡስ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሱ፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመሳፈራቸው በፊት ረዳቱን ጠርተው «ልጄ፥ የአንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጌአለሁ፤ ስነግርህ ታስቆምልኛለህ» አሉት። ልጁም «ችግር የለም አባባ» አለ። ሸኖ ላይ አንድ ጊዜ ቆመላቸው። ማታ ደውለው ሲነግሩኝ፥ መኪናው በቆመበት የቀረው ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ቅቤ ሲገዛ እርሳቸው ቀድመው ተመልሰው እንደ ጠበቁት ነው።